ቁራው ድምፁን ሲያገኝ ምን አጣ?

ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት አምስት ሆነን ጠረጴዛ እንከባለን። ሻይ ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ ስልክ ይጠፋል። ከዚያ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እንጫወታለን፣ ያውም በአማርኛ። እኔ ዳንጀን ማስተሩ ነኝ፤ ታሪኩን የምመራው፣ በጭራቆቹ በኩል ሆኜ የምዋጋው፣ ሕግ ሲያጨቃጭቅ የምዳኘው እኔ ነኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንዲህ መገናኘት ከጀመርን ዓመታት ሆኑን።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካራክተር ይፈጥራል፣ በእሱ አፍ ይናገራል፣ ምን እንደሚያደርግ ይወስናል፤ ይሳካለት እንደሆነ ደግሞ ባለ 20 ጎኑ ዳይስ ይፈርዳል። ካራክተር ሲፈጠር ቀድመው ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ "ምንድን ነህ?" የሚለው ነው። ሰው ነህ? ኤልፍ (ጆሮው ሹል፣ ዕድሜው ረጅም)? ድዋርፍ (አጭርና ጠንካራ)? በ2014 የወጣው ዋናው የተጫዋቾች መጽሐፍ ዘጠኝ ምርጫ ነበረው (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ዛሬ የምጽፍላችሁ መጽሐፍ በዚያ ላይ 33 ይጨምራል።

ስሙ ረጅም ነው፤ "ሞርደንካይነን ፕረዘንትስ፦ ሞንስተርስ ኦፍ ዘ መልቲቨርስ" ይባላል። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ነው። በጃንዋሪ 2022 ከሌሎች ሁለት መጻሕፍት ጋር በአንድ ካርቶን ታሽጎ ወጣ፣ በሜይ ደግሞ ለብቻው መሸጥ ጀመረ። 288 ገጽ ነው፣ ሲወጣ የሽፋን ዋጋው 49.95 ዶላር ነበር። አብዛኛው ገጽ የጭራቆች ነው፣ ከ250 በላይ ጭራቅ አለበት። እኔን ያስገዛኝ ግን የፊተኛው ክፍል ነው። የኤሊ ሰው አለ፣ የቁራ ሰው አለ፣ የጥንቸል፣ የድመት፣ የእንሽላሊት ሰው አለ። ግማሽ ፈረስ የሆነ፣ የፍየል እግር ያለው፣ መልኩን እንደ ልብስ የሚቀያይር፣ ዘሩ ከእሳት መንፈስ የሚመዘዝ ሁሉ አለ።

"ዘሩ" ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ገና ስንጀምር "ሬስ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቀጥታ ተርጉሜ "ዘርህ ምንድን ነው?" ብዬ አንዱን ጓደኛዬን ጠየቅሁት። ጠረጴዛው ዝም አለ። እሱ ገና ምርጫዎቹን አላነበበም ነበርና ለጨዋታው ይሁን ለሌላ የጠየቅሁት አልገባውም። አገር ቤት ሰው በዘሩ ምክንያት ከቤቱ እየተፈናቀለ ባለበት ጊዜ ይሄን ጥያቄ ዳይስ ይዞ መመለስ ይከብዳል። ከመካከላችን ዘመድ የሞተበት ሰውም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በእኛ ቤት "ፍጥረትህ ምንድን ነው?" ነው የሚባለው። በዲሴምበር 2022 ኩባንያው ራሱ የድሮውን ቃል እንደሚተው አስታወቀ፣ በ2024ቱ አዲስ የተጫዋቾች መጽሐፍም ቀየረው። ምክንያታቸው ከእኛ የተለየ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን በጣም ደስ ብሎኛል።

ከቃሉ በላይ ደግሞ ቁጥሩ አለ። የማንኛውም ካራክተር ችሎታ፣ እንደ ጥንካሬና እውቀት ያለው፣ በነጥብ ይለካል። በ2016 የወጣው "ቮሎስ ጋይድ ቱ ሞንስተርስ" ኦርክ (ግዙፍ ተዋጊ ፍጥረት) ሆኖ መጫወትን ሲፈቅድ ከእውቀት ነጥብ ላይ 2 ይቀንስ ነበር። ኮቦልድ፣ ትንሹ የዘንዶ ዘመድ፣ ደግሞ ከጥንካሬው 2 ይቀነስበታል። ማለትም ኦርክ ሆኖ የተወለደ ሰው ከአማካዩ የደነዘዘ ነው፣ በቃ፣ ሕግ ነው። ይሄ ቅነሳ ቆየት ብሎ በእርማት ተነሳ። ይሄ የ2022ቱ መጽሐፍ ደግሞ ጭራሽ ነጥቡን ከፍጥረቱ አላቀቀው፤ ማንኛውም ፍጥረት 2 ነጥብ በፈለገው ችሎታ ላይ፣ 1 ነጥብ በሌላ ላይ ይጨምራል፣ ወይም ሦስት ችሎታ ላይ አንድ አንድ ያድላል። "ታዲያ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ እኮ!" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሰው በመወለዱ ደነዝ ነው የሚል ሕግ እኔ ጠረጴዛ ላይ ቦታ የለውም። በዚህ በኩል መጽሐፉ ሙሉ ድጋፌ አለው።

የማልስማማው ሌላ ቦታ ነው።

ኬንኩ የሚባለውን እንውሰድ፣ የቁራ ሰው ነው። በ2016ቱ መጽሐፍ ላይ ኬንኩዎች የተረገሙ ናቸው። ጌታቸውን ስለካዱ ክንፋቸውን ተነጠቁ፣ አዲስ ነገር የመፍጠር ችሎታቸውን ተነጠቁ፣ ድምፃቸውንም ተነጠቁ። መናገር የሚችሉት የሰሙትን ድምፅ በመድገም ብቻ ነው። የበር ሲጢጥታ፣ የውሻ ጩኸት፣ የሌላ ሰው አረፍተ ነገር፤ የራሳቸው ግን ምንም የለም።

አንዷ ጓደኛችን ይሄን መረጠች። መርካቶ አካባቢ ነው ያደገችው። ካራክተሯ ገበያ መሃል ያደገች ቁራ እንድትሆን ተስማማንና ከልጅነቷ የምታስታውሰውን ድምፅ ሁሉ ይዛ መጣች። ቡድኑ እንዲቆም ስትፈልግ ልክ በታክሲ ረዳት ድምፅ "ወራጅ አለ!" ትላለች። ጠባብ ዋሻ ስንገባ "ጠጋ ጠጋ በሉ!" ነው። ሌባ ስትጠረጥር የባለሱቁን ሳል ትስላለች። ስትቆጣ "ቆይ አባትሽ ይምጣ!" ትላለች፣ እናቷ ይሉት እንደነበረው። ሁላችንም እነዚህን ድምፆች እናውቃቸዋለን፣ ስለዚህ ገና አፏን ስትከፍት ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባናል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አራት ሰው የሚግባባበት ቋንቋ ሆነ።

ከዚያ የባሏ ካራክተር ሞተ። ድዋርፍ ነበር፣ ድልድይ ላይ ቆሞ ሌሎቹን ሲያሳልፍ ወደቀ። ሌሎቹ ተጫዋቾች ተራ በተራ የመሰናበቻ ቃል ተናገሩ። የእሷ ተራ ሲደርስ ዝም አለች። ምን ትበል? የራሷ ቃል የላትም። ትንሽ ቆይታ በእሱው ድምፅ፣ በመጀመሪያው ቀን ጫካ ውስጥ ስትፈራ ያላትን ደገመችው፦ "እኔ አለሁ፣ አይዞሽ።" ባሏ ከጎኗ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ይሄን ጨዋታ ስመራ ከገጠመኝ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

አሁን አዲሱን መጽሐፍ ክፈቱት። ኬንኩ እንደማንኛውም ሰው ይናገራል። ድምፅ የማስመሰል ችሎታው አለ፣ ግን ትርፍ ነው፣ ሲያሻው የሚያወጣው። እርግማኑም ከሌሎች አፈ ታሪኮች ጋር እንደ አንዱ ወሬ ነው የተጠቀሰው፤ መነሻቸውን ራሳቸውም አያስታውሱም ይላል። በቁጥር ከታየ አዲሱ ኬንኩ የተሻለ ነው። ሁለት ሙያ በነፃ ይመርጣል፣ በቀን ለጥቂት ጊዜም በሚያውቀው ሙያ ሲሞክር ዳይሱን ሁለት ጊዜ ወርውሮ ትልቁን ይወስዳል።

ለምን እንደቀየሩት ይገባኛል። ከማያውቁት ሰው ጋር ሲጫወቱ፣ ዓይናፋር ተጫዋች ሲሆን፣ ወይም አንዱ ሁሌ ተመሳሳይ ድምፅ እያወጣ ሌላውን ሲያሰለች ያ ሕግ ሸክም ይሆናል። ሰው አፉን እንዳይከፍት ማድረግ ደግሞ በንግግር ለሚሄድ ጨዋታ ከባድ ነው። ግን አንድ አንቀጽ፣ አንዲት ሳጥን እዚያ ገጽ ላይ ጨምረው "በዚህ መንገድ መጫወት የሚፈልግ እንዲህ ያድርግ" ቢሉ ምን ነበረበት? 33 ፍጥረት 40 ገጽ በማይሞላ ቦታ ላይ ነው የታጨቀው። ለእያንዳንዱ ከሞላ ጎደል አንድ ገጽ፣ ከዚያም ላይ ሥዕሉ ቦታ ይወስዳል። የተቆረጠው ሁሉ ከታሪኩ ነው።

ኤሊው ጋ ስመጣ ይሄ የበለጠ ታየኝ። ቶርትል ይባላል። የእህቴ ልጅ ናት የመረጠችው፣ 14 ዓመቷ ነው፣ ከእኛ ጋ መጫወት የጀመረችው በቅርቡ ነው። ሕጉ ግሩም ነው። ቅርፊቱ ራሱ ጋሻ ስለሆነ የመከላከያ ቁጥሩ፣ ማለትም ጠላት ሊመታው በዳይስ ማግኘት ያለበት ቁጥር፣ ገና ሲጀምር 17 ነው፣ ጥሩር መግዛት አያስፈልገውም። ከፈለገ ቅርፊቱ ውስጥ ይገባል፣ ቁጥሩ 4 ጨምሮ 21 ይሆናል። ግን እዚያ ውስጥ እያለ መራመድ አይችልም፣ መምታት አይችልም፣ መሬት ላይ እንደተጋደመ ይቆጠራል። ልጅቷ ምን አደረገች? ጠባብ መተላለፊያ ላይ ኮቦልዶች ሲያባርሩን ወደ ኋላ ቀረት አለችና መሃል መንገድ ላይ ቅርፊቷ ውስጥ ገባች። በሩን ዘጋችው። ኮቦልዶቹ ይደበድባሉ፣ እሷ ከውስጥ "ጨርሳችኋል?" ትላለች፣ እኛ በዚያ መሃል ቁስለኛውን ይዘን ወጣን። ይሄን ያደረገችው ማንም ሳይነግራት፣ የሕጉን ገጽ ራሷ አንብባ ነው። ለአዲስ ተጫዋች ከዚህ የተሻለ ፍጥረት እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ታሪኩ ግን ሳስቷል። በ2017 ለበጎ አድራጎት ገቢ ማሰባሰቢያ የወጣች ትንሽ ጽሑፍ አለች፣ ቶርትሎች በዝርዝር የተገለጹት እዚያ ነው። እዚያ ላይ አንድ ቶርትል በአማካይ 50 ዓመት ይኖራል። እንቁላል የሚጥሉት በሕይወታቸው መጨረሻ ነው። ልጆቹ ሲፈለፈሉ ወላጆቹ የቀራቸውን ትንሽ ጊዜ በአንድ ግቢ ተዘግተው፣ ያዩትን ዓለም በመተረክና በማስተማር ያሳልፉታል፣ ከዚያ ይሞታሉ። ይሄን ሳነብላት ልጅቷ "ስለዚህ ወላጆቼ ካስተማሩኝ በስተቀር ምንም የለኝም?" አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ትንሽ ደብተር ይዛ መጣች። የኤሊዋ አባት ከመሞቱ በፊት የነገራትን 20 ምክር ጽፋበታለች። አንዳንዱ ምክር ስህተት ነው፣ ሆን ብላ ነው እንዲህ ያደረገችው፤ አባቷ ባሕር አይቶ አያውቅምና ስለ ባሕር የነገራት ሁሉ የተሳሳተ ነው። አዲሱ መጽሐፍ ስለ ዕድሜ ያለው ለሁሉም የሚሆን አንድ መስመር ነው፦ መቶ ዓመት ገደማ፣ እንደ ኤልፍ ያሉት ከዚያም በላይ። ከዚያ መስመር ይሄ ደብተር አይወጣም።

እኔ ከዓመታት ጨዋታ በኋላ የማምነው ይሄንን ነው፤ ለየት ያለ ፍጥረት የሚጥመው በሚከለክለው ነገር ነው። ጥፍርና ክንፍ ማንም ይወዳል። ቡድኑን አብሮ የሚያሳስበው፣ ሐሳብ የሚያፈልቀው ግን "ይሄን ማድረግ አልችልም" የሚለው ነው። መጽሐፉ ይሄን አልፎ አልፎ ያስታውሰዋል። ሴንቶሩን ተመልከቱ፣ ግማሽ ፈረሱን። መሰላል ወይም ገደል መውጣት በፈረስ እግር ስለሚያስቸግር ለእያንዳንዷ ጫማ አራት ተጨማሪ ጫማ ጉዞ ያስከፍለዋል። አንድ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ነበረብን። ሙሉ አንድ ሰዓት ገመድና ምሰሶ ሲያስቡ ቆዩ፣ አህያ ከገደል እንዴት እንደሚወጣ አያቱ ጋ ያየ አንዱ ጓደኛችን በወረቀት ሥሎ አሳየን። ከውጊያው ሁሉ ያችን ሰዓት ነው የሚያወሩት።

እንሽላሊቱ ግን እንደ ኬንኩ ተጎድቷል። ድሮ ከገደለው አውሬ አጥንትና ቆዳ ጋሻና ጦር ይሠራ ነበር፣ ያ ተቆርጦ ወጣ።

ስለ መብረር ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እሱንም ልንገራችሁ። አራኮክራ፣ የአሞራ ሰው በሉት፣ ከመጀመሪያው ሌቭል፣ ገና ጨዋታው ሲጀመር፣ ይበራል። ድሮ በአንድ ዙር 50 ጫማ ነበር፣ አሁን በእግሩ የሚሄደውን ያህል ሆነ፣ 30። ይሄ ማስተካከያ ጥሩ ነው። ፌሪ የምትባለው ትንሿም ትበራለች። ሁለቱም ከባድም ሆነ መካከለኛ ጥሩር ከለበሱ መብረር አይችሉም። ብዙ ዳንጀን ማስተሮች ፈርተው ይከለክላሉ፤ ሰው ከበረረ ጉድጓዱም ግንቡም ወንዙም ከንቱ ነው ብለው። እኔ አልከለክልም። ግን ከመጀመራችን በፊት እነግራቸዋለሁ፦ የሚበር ሰው ቀድሞ ይታያል፣ ቀስተኛ መጀመሪያ የሚያነጣጥረው እሱ ላይ ነው፣ አየር ላይ እንዳለ ተመትቶ ከተጣለ ይወድቃል። ይሄን ሰምቶ የመረጠ ሰው በኋላ አያኮርፍም። መጽሐፉ ግን ይሄን ምክር አይሰጥም፣ ጀማሪ ዳንጀን ማስተር ራሱ ወድቆ ተነስቶ ነው የሚማረው። ትልቁ ጉድለቱ ይሄ ይመስለኛል።

የምከለክለው አንድ ብቻ ነው፣ ዩዋን-ቲ፣ የእባብ ሰው። ድግምት በተሰነዘረበት ቁጥር ለመከላከል ሁለት ጊዜ ይወረውራል፣ ያለ ገደብ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ያዝናል።

የቀሩት እንግዲህ በጎ ናቸው። ሃሬንጎን፣ ጥንቸሉ፣ ውጊያ ሲጀመር ከሌላው ይቀድማል፣ ልጆች በጣም ይወዱታል። ታባክሲ የድመቷ ሰው ሮጣ ትደርሳለች። ጎብሊን ሁሌም አሪፍ ነው።

"ይሄ ሁሉ እንስሳ ምንድን ነው፣ የድሮው ጨዋታ ኤልፍና ድዋርፍ ነበር" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ የ1974ቱን የመጀመሪያ እትም አንብብ በሉት። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እዚያው ላይ ተጫዋች የፈለገውን ፍጥረት ሊሆን ይችላል፣ ከደካማ ጀምሮ እስካደገ ድረስ ይላሉ። ምሳሌያቸውም ዘንዶ ነው፤ ዘንዶ መሆን የፈለገ በግልገልነት ይጀምር።

መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ፍጥረት መጨመር ለምትፈልጉ፣ እኛ እንዴት እንዳደረግን ልንገራችሁ። ጅብ መሰል ሰው ከ33ቱ ውስጥ የለም። አንዱ ጓደኛችን ሺፍተር የሚባለውን፣ ለአንድ ደቂቃ ወደ አውሬነት የሚጠጋውን፣ ወስደን "ቡዳ" እንበለው አለ። ቀን ሰው፣ ማታ ጅብ። ሐሳቡ መጀመሪያ ሁላችንንም ማረከን። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ቡዳ እየተባሉ የኖሩት እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ቤተ እስራኤላውያን። በዚያ ቃል ሰው ተገልሏል፣ ተደብድቧል። የአንድን ሕዝብ ስድብ ወስጄ የጭራቅ ሕግ አላደርገውም፣ ኦርክ ላይ የተቃወምኩትን እዚህ ልደግመው አልችልም።

በምትኩ ሐረርን አሰብን። እዚያ ጅብ ማታ በግንቡ ቀዳዳ ይገባል፣ ሰው በእጁ ሥጋ ያጎርሰዋል፣ ጂኒ ይበላልናል ብለው የሚያምኑም አሉ። ከዚያ ተነስተን ከተማን በሌሊት የሚጠብቁ የጅብ ሰዎች ሠራን። ሕጉን ከሺፍተር እንዳለ ወሰድነው፤ ሲለወጡ ትንሽ ተጨማሪ ጤና ያገኛሉ፣ መንከሳቸውም አለ። አንድ ክልከላ እኛ ጨመርን፦ ከእጁ ያልጎረሱት ሰው ቤት ውስጥ መግባት አይችሉም። በዚህ ምክንያት የማያውቁት ሰው በር ላይ ቆመው ጉርሻ ይለምናሉ። ባለቤቱ ያጎርሳቸዋል ወይስ ይዘጋባቸዋል? ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በዚች ጥያቄ ተጫውተናል። መጽሐፉ በዚህ በኩል ውለታ ውሎልናል፣ አጥንቱ ጠንካራ ስለሆነ የፈለጋችሁትን ሥጋ ታለብሱታላችሁ።

ልግዛ ወይ ለሚለኝ፦ ዳንጀን ማስተር ከሆናችሁ ግዙ፣ ጭራቆቹ ብቻቸውን ዋጋውን ያወጣሉ። ተጫዋች ብቻ ከሆናችሁና አንድ ፍጥረት ከፈለጋችሁ ከጓደኛ ተዋሱ፣ አንድ ገጽ ነው የሚያስፈልጋችሁ። በ2024ቱ ሕግ የምትጫወቱም አትስጉ፣ ይሠራል፤ እዚያ የችሎታ ነጥብ የሚመጣው ካራክተሩ ካደገበት ሙያና አኗኗር ስለሆነ የዚህን መጽሐፍ ነጥብ ትተዋላችሁ። ጎላያዝ፣ ኦርክና አሲማር ግን በ2024ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ታድሰዋል፣ የእነሱን ከዚያ ውሰዱ። ያገለገለ ስትገዙ ጥራዙን አስከፍታችሁ በፎቶ እዩ። እኔ ከአንድ የኦንላይን ሻጭ "እንደ አዲስ" የተባለ ገዝቼ የቶርትሉ ገጽ እጄ ላይ ነው የተገነጠለው። ከተቻለ ደግሞ የ2016ቱን አሮጌ መጽሐፍ ፈልጉና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ ቁጥሩን ከአዲሱ፣ ታሪኩን ከአሮጌው።

መጽሐፉን ይዤ የገባሁ ቅዳሜ የኬንኩን ገጽ ገልጬ ለጓደኛችን ሰጠኋት። "ከዛሬ ጀምሮ እንደልብሽ መናገር ትችያለሽ፣ ከፈለግሽ" አልኳት። ገጹን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ወደ እኔ ገፋችውና በረዳቱ ድምፅ "ወራጅ የለም፣ ሳበው!" አለች።